ለሴት የሚሆን ሽጉጥ የቱ ነው? ሌሊት ሱቅ ለምትዘጊው እህቴ ምላሽ

ጥያቄሽን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። የምትኖሪው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ ግሪን ካርድ አለሽ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉሽ፣ የምትሠሪበትን ሱቅ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዘግተሽ ብቻሽን ወደ መኪናሽ ትሄጃለሽ፣ በቅርቡ እዛው ሰፈር ዘረፋ ተፈጽሞ ፍርሃት ገብቶሻል። ሽጉጥ ቤት ስትገቢ ሻጩ ለሴት የሚሆነው ይሄ ነው ብሎ 5 ጥይት የምትይዝ ትንሽ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባበት ሽጉጥ፣ አሳየሽ፣ ባለቤትሽ ግሎክ 19 ካልሆነ አይሆንም አለ፣ ወታደር የነበሩት አጎትሽ ደግሞ እንደ ማካሮቭ ያለ የለም አሉ። የቱን ልግዛ፣ በየቀኑ እንዴት ልያዘው፣ ሜሪላንድ ለሚኖረውና ዲሲ ውስጥ ኡበር ለሚነዳው ወንድሜስ ልግዛለት ወይ፣ ያገለገለስ ብገዛ ብለሻል።

እኔ እዚሁ ኖርዘርን ቨርጂኒያ የሽጉጥ አያያዝና አተኳኮስ አስተምራለሁ። ከሱቅ፣ ከፓርኪንግ፣ ከነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት የሚመጡ ሐበሾች ብዙ ናቸው ተማሪዎቼ ውስጥ፣ እና አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከስሙ ነው፣ ግሎክ ይሻላል ሲግ ይሻላል እያለ። እህቴ፣ ሽጉጥ የሚመረጠው በእጅና በወገብ ነው። እጅሽ ካልተቆጣጠረው፣ ወገብሽ ላይ ቀኑን ሙሉ ካልዋለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን አይጠቅምሽም። የቸኮለ መልስ ከፈለግሽ ግን ይኸው፦ 9 ሚሊሜትር፣ ባለ ማጋዚን (ጥይቱ በእጀታው ውስጥ በሚገባ ካርታ የሚደረደርበት)፣ በጣም ትንሽም ትልቅም ያልሆነ፣ ማለትም ሲግ ፒ365 ኤክስኤል፣ ግሎክ 43ኤክስ ወይም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስ። እነዚህን ማቀባበል ካቃተሽ ሺልድ ኢዜድ። አዲሱን ከ400 እስከ 600 ዶላር ባለው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ከአራቱ የቱ የሚለውን ሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ሄደሽ ተከራይተሽ ስትተኩሺ እጅሽ ይነግርሻል፣ እንዴት እንደሚነግርሽ ወደ ታች አስረዳሻለሁ።

ከዛ በፊት ግን ስለ ወረቀትሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ከሽጉጡ በላይ እኛን የሚጎዳን እሱ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በቱሪስት ቪዛ ያለ ሰው በጥቅሉ አይችልም፣ ያለ ወረቀት ያለማ ፈጽሞ አይችልም፣ መያዙ ራሱ የፌደራል ወንጀል ነው። አሳይለም ጠይቆ የሚጠብቅ ሰው ካለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያናግር ሽጉጥ ቤት ደጃፍ አይድረስ። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ቀላል የሚባለው ሚስዲሚነር ቢሆን እንኳን፣ ከ1996 ጀምሮ በፌደራል ሕግ ተከልክሏል። ስትገዢ የምትሞይው ፎርም ላይ ማሪዋና ትጠቀሚያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም ፎርሙ የፌደራል ነው፣ እሱ ላይ መዋሸት ለብቻው ወንጀል ነው። እና በጣም ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው፦ ዜጋ ያልሆነ ሰው በሕገወጥ የመሳሪያ ግዢ ወይም አያያዝ ከተፈረደበት ግሪን ካርድ ቢኖረውም ለዲፖርት ምክንያት ይሆናል። አሜሪካዊ ጎረቤትሽ ቅጣት ከፍሎ የሚወጣበት ጥፋት አንቺን ከልጆችሽ ሊለይሽ ይችላል። ስለዚህ ሌላው ሰው እንዲህ ያደርጋል እያልሽ እንዳትሄጂ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከፈቃድ ካለው ሽጉጥ ቤት ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለብሽ፣ ስቴት ፖሊስ ያለፈ ታሪክሽን ያጣራል፣ ባክግራውንድ ቼክ የሚሉት፣ ግሪን ካርድሽንና አድራሻሽን የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ከልብስሽ ስር ደብቀሽ ለመያዝ ደግሞ ኮንሲልድ ካሪ ፐርሚት ያስፈልግሻል። የምታመለክቺው ለምትኖሪበት ከተማ ሰርኪዩት ኮርት ነው፣ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ከተሰጠሽ 5 ዓመት ያገለግላል። ሥልጠናውን ከ2021 ጀምሮ ኦንላይን አይቀበሉም፣ በአካል መገኘት አለብሽ። ያለ ፐርሚት በግልጽ መታጠቅ በቨርጂኒያ በአብዛኛው ቦታ አልተከለከለም፣ ግን አሌክሳንድሪያ በከተማው ሕንፃዎችና ፓርኮች ላይ ከልክላለች፣ እና ደግሞ ሌሊት ላይ ሽጉጥ የሚታይባት ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሌባም ፖሊስም ያያታል፣ አልመክርሽም። የቨርጂኒያ አዳዲስ ሕጎች በብዛት ሥራ ላይ የሚውሉት ጁላይ 1 ስለሆነ በየዓመቱ የስቴት ፖሊስን ድረ ገጽ እይ።

አሁን ወደ ሪቮልቨሩ። ሻጩ ያሳየሽ በገለጻሽ እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያለ ነገር ነው የሚመስለው፣ አጭር፣ ቀላል፣ ከ450 ግራም በታች፣ 38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት 5 የሚይዝ። ለሴት ትንሽ ነገር የሚለው አስተሳሰብ ብዙ እህቶቼን ገንዘብ አስጨርሷል። ሽጉጥ እየቀለለ ሲሄድ ርግጫው እየከበደ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም ባሩዱ የሚገፋው ያው ነው፣ የሚቀበለው ብረት ግን አነሰ፣ ቀሪውን እጅሽ ይቀበለዋል። ደግሞ የሪቮልቨሩ ቃታ ከባድ ነው፣ 5 ኪሎ ገደማና ከዛ በላይ ጉልበት ይፈልጋል፣ ረጅም መንገድም ይሄዳል፣ የግሎክ ቃታ ከ2 ኪሎ ተኩል ብዙም አይርቅም። ከባድ ቃታ በደካማ ጣት ሲሳብ አፈሙዙ አብሮ ይጎተታል። ክፍል ውስጥ የማየው ይሄንን ነው፦ አዲስ ተማሪ በትንሽ ሪቮልቨር የመጀመሪያዋን ስትተኩስ ደህና ትመታለች፣ ሁለተኛዋ ላይ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሦስተኛዋ ላይ ገና ሳይተኮስ አንጓዋ ወደ ታች ይሰበራል፣ ጥይቷ ወረቀቱ ስር መሬት ትመታለች፣ አምስቱ ሲያልቅ መዳፏ ቀልቶ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዳግም መንካት አትፈልግም። ከዛ ቤት ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ትጥለዋለች። የማይለማመዱበት ሽጉጥ ለባለቤቱ አደጋ ብቻ ነው።

ሪቮልቨር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ አሠራሩ ቀላል ነው፣ ስላይድ የሚባል፣ ለማቀባበል ወደ ኋላ የሚሳብ የላይ ብረት የለውም፣ በእጇ አርትራይተስ ያለባት ትልቅ ሴት ስላይድ መሳብ ካልቻለች ከበድ ያለ፣ በብረት የተሠራ ሪቮልቨር በቀላል ጥይት እመክራታለሁ። ግን ትንሹና ቀላሉ ሪቮልቨር የለመደ ሰው መሣሪያ ነው፣ ለጀማሪ የመጀመሪያ መሣሪያ አይደለም። ለዛው ነገር 380 የሚባለውን ጥይት የሚተኩሱት በጣም ትንንሾቹ ሽጉጦችም እንደዛው ናቸው፣ ሩገር ኤልሲፒ ከ300 ግራም በታች ነው፣ ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ ስትተኩሺው ግን ከእጅሽ ሊያመልጥ ይፈልጋል።

የባለቤትሽ ግሎክ 19 ደግሞ ከ1988 ጀምሮ ያለ፣ 15 ጥይት የሚይዝ፣ የተመሰከረለት ሽጉጥ ነው፣ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ይኑር ቢባል እኔም እሱን እላለሁ። ችግሩ ባዶውን 600 ግራም ነው፣ ሲሞላ 850 ግራም ይጠጋል፣ እጀታው ወፍራም ነው፣ አንቺ እንደነገርሽኝ ቀጭን ከሆንሽና በቲሸርት የምትሠሪ ከሆነ ቅርጹ ከልብስሽ ይወጣል፣ ከሳምንት በኋላ ዛሬስ ይቅር እያልሽ መኪና ውስጥ ትተዪዋለሽ፣ መኪና ውስጥ የተተወ ሽጉጥ ደግሞ መስታወት ሰብሮ ለሚሰርቅ ሌባ የተዘጋጀ ነው። አጎትሽን በክብር እንዲህ በይልኝ፣ ማካሮቭ እሳቸው እንዳሉት ጠንካራ ነው፣ ሶቪየት ኅብረት በ1951 የተቀበለችው፣ ብዙ ሀገር አገልግሏል፣ ግን 8 ጥይት ይዞ 730 ግራም ይመዝናል፣ የሚበላው 9 በ18 ጥይት እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ ጥሩ ሆልስተርም ማግኘት ያስቸግራል። የለመዱት መሣሪያ ስለሆነ ቢወዱት አይፈረድባቸውም።

እሺ፣ ሱቁ ውስጥ እንዴት ነው የምትሞክሪው። ሻጩ ባዶ መሆኑን ከፍቶ ያሳይሽ፣ አንቺም በዓይንሽ እይ፣ ትንሹን ጣትሽን ጥይት መግቢያው ውስጥ ከተሽ አረጋግጪ፣ ነውር የለውም። ከዛ አፈሙዙን ወደ ማንም ሰው ሳታዞሪ፣ ሻጩ ወደሚልሽ አቅጣጫ አድርገሽ፣ በአውራ ጣትሽና በጠቋሚሽ መካከል ያለውን ሥጋ ከእጀታው ጫፍ ላይ እስኪገጥም ወደ ላይ ገፍተሽ ያዢው። ክንድሽና የሽጉጡ በርሜል አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለባቸው። እንደዛ ሆኖ ጠቋሚ ጣትሽ ቃታው ላይ ሲያርፍ የጣትሽ ጫፍ ለስላሳው ክፍል መሃሉ ይድረስ። ጥፍርሽ አጠገብ ብቻ ከነካ ሽጉጡ ትልቅ ነው፣ ለመድረስ እጅሽን ማዞር ካለብሽ አንቺ ሽጉጡን አልያዝሽውም። ጣትሽ አልፎ መገጣጠሚያው ላይ ከታጠፈ ትንሽ ነው። ቀጥሎ ትንሿን ጣት እይ፣ እጀታው ላይ ቦታ አላት ወይስ አየር ላይ ተንጠልጥላለች? ፒ365 በ2018 ሲወጣ የመጀመሪያው ትንሹ ብዙ እጅ ላይ ትንሿን ጣት ያስቀራል፣ ኤክስኤሉ ግን ሙሉ እጅ ይቀበላል፣ 12 ጥይትም ይይዛል፣ ኤክስኤሉን የምልሽ ለዛ ነው። 43ኤክስም እንደዛው ነው፣ እጀታው የረዘመ፣ ቀጭን፣ 10 ጥይት። ሺልድ ፕላስ 10 ወይም 13።

ከዛ ማቀባበል። ሴቶች አልችልም የሚሉት በጉልበት ማነስ አይደለም አብዛኛውን ጊዜ፣ በአያያዝ ነው፣ ስላይዱን በሁለት ጣት እንደ ወስፌ ቆንጥረው ክንዳቸውን ዘርግተው ይጎትታሉ። እንደዛ አይደለም። ሽጉጡን ወደ ደረትሽ አቅርቢ፣ አፈሙዙ ወደ ፊት እንደሆነ፣ ግራ መዳፍሽን ስላይዱ ኋላ ላይ ከላይ ጣይና አራቱን ጣቶችሽን በአንድ ጎን መዳፍሽን በሌላው ጎን አድርገሽ አጥብቀሽ ያዢ፣ ከዛ ግራ እጅሽ ባለበት ቆሞ ቀኝ እጅሽ ሽጉጡን ወደ ፊት ይግፋው፣ ጉልበቱ ከትከሻሽ ይመጣል። ጫፍ ሲደርስ ልቀቂው፣ አብረሽው ወደ ፊት እንዳትሄጂ፣ ስፕሪንጉ ራሱ ይመልሰዋል። እንደዚህም አድርገሽ 5 ጊዜ በተከታታይ ካልሳብሽው ነው ወደ ኢዜድ የምትሄጂው፣ እሱ ስፕሪንጉ ለስላሳ ነው፣ ማጋዚኑም ላይ ጥይት ለመክተት የሚያግዝ የጣት ማሳረፊያ አለው፣ 8 ጥይት ይይዛል፣ እጀታው ኋላ ላይ ስትጨብጪው የሚለቀቅ፣ እንዳይተኩስ የሚያግድ መጠበቂያም አለው።

ስለ ካሊበር፣ ማለትም ስለ ጥይቱ ውፍረት፣ ብዙ አልልም ምክንያቱም ክርክሩ አልቋል። ኤፍቢአይ በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ወኪሎቹ ከተገደሉ በኋላ ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ቀጥሎ ወደ 40 ካሊበር ሄዶ ነበር፣ ካለፈው አሥርት ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ግን ተመልሶ 9 ሚሊሜትር ላይ ነው፣ ምክንያቱም ዘመናዊው 9 ሚሊሜትር ጥይት እንደ ትልልቆቹ ይሠራል፣ ወኪሎቹ ደግሞ በእሱ ፈጥነውና አስተካክለው ይመታሉ። ርካሹም እሱ ነው፣ ርካሽ ጥይት ማለት ብዙ ልምምድ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ለይተሽ ያዢ፣ የልምምድ ጥይትና የምትይዢው ጥይት አንድ አይደሉም። ለልምምድ ተራውን፣ ጫፉ ድፍኑን፣ ቦል የሚሉትን። ለመያዝ ሆሎው ፖይንት፣ ጫፉ ክፍት የሆነውን፣ ፌደራል ኤችኤስቲ ወይም ስፒር ጎልድ ዶት፣ እሱ ሰውነት ሲመታ ስለሚከፈት አልፎ የመሄድ ዕድሉ ያነሰ ነው። ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠሪው፣ ከኋላ ደንበኛ አለ፣ ከስሱ ግድግዳ ባሻገር ሌላ ሱቅ አለ፣ ከአፈሙዝሽ የወጣች ጥይት የት እንደደረሰች ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። አዲሱን ሽጉጥ መጀመሪያ 200 ያህል ቦል አስተኩሺው፣ ከዛ በምትይዢው ጥይት ሁለት ማጋዚን፣ ቀለህ ሳይነክስ ሳይቆም ከጨረሰ እመኚው።

አያያዝ። እህቶቼ ሁሉም ቦርሳ ይሉኛል። ቦርሳ ትጥያለሽ፣ ወንበር ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ልጅሽ ማስቲካ ፍለጋ እጁን ይከታል፣ ሌባው ደግሞ መጀመሪያ የሚነጥቅሽ ቦርሳሽን ነው፣ ስለዚህ ሰውነትሽ ላይ ይሁን። ከሱሪሽ ውስጥ በኩል በሚገባ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ፣ ካይዴክስ ከሚሉት የተሠራ፣ ለዛው ለሽጉጥሽ ሞዴል ብቻ የተቀረጸ ሆልስተር፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ይሄ ምርጫ ከሽጉጡ ምርጫ አያንስም፣ ምክንያቱም ግሎክ በአውራ ጣት የሚዘጋ መጠበቂያ የለውም፣ ቃታው ላይ ካለችው ትንሽ ምላስ በቀር፣ ቃታው ካልተነካ አይተኩስም፣ ከተነካ ይተኩሳል፣ በቃ። በርካታ ድንገተኛ ተኩስ የሚሆነው ሽጉጡን ወደ ሆልስተር ሲመልሱ የቲሸርት ጫፍ ወይ የጃኬት ገመድ ቃታው ውስጥ ገብቶ ነው። ስትመልሺ ቀስ በይ፣ ልብስሽን በግራ እጅሽ ከፍ አድርገሽ ያዢ፣ ዓይንሽን ጣይበት፣ ለመመለስ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ቀበቶሽ ጠንካራ ይሁን፣ የልብስ ቀበቶ ይጣመማል። የሚያሳምንሽ ከሆነ ፒ365 ወይም ሺልድ ፕላስ መጠበቂያ ያለው ዓይነትም አለ፣ እሱን ግዢ፣ ግን መጠበቂያውን ማውረድ ከልምምድሽ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ስለ ሲግ የምትሰሚው ክስ ካለ ፒ320 ስለሚባለው ነው፣ ቃታ ሳይነካ ተኮሰ የሚሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሄደው አንዳንዶቹ ረትተዋል፣ ኩባንያው ጥፋቱን አይቀበልም፣ ፒ365 ግን ሌላ አሠራር ነው።

ጥይት አፉ ውስጥ ይግባ አይግባ ብለሽ ጠይቀሻል። ብዙ ሐበሻ ባዶ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ሲያስፈልግ አቀባብላለሁ ብሎ። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ፣ አንዱ እጅሽ ሰው እየገፋ ማቀባበል አትችዪም። ግን ካልተዘጋጀሽ ደግሞ አቀባብለሽ አትያዢ። እኔ ተማሪዎቼን የማደርገው፣ መጀመሪያ ሳምንታት ቤት ውስጥ ባዶውን፣ በሆልስተር ውስጥ፣ በዕለት ልብሳቸው ይውላሉ፣ ሲቀመጡ ሲነሱ ዕቃ ሲያነሱ ቃታው አንዴም እንዳልወደቀ ራሳቸው ያያሉ፣ ያኔ ፍርሃቱ በእውቀት ይተካል። እስከዛ ድረስ ወደ ሥራ ይዘሽ አትሂጂ።

አሁን የሱቁን ነገር በግልጽ እንነጋገር፣ እዚህ ላይ የመሞትና የመኖር ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ባለሱቁን ጠይቂ፣ ሱቁ የእሱ ስለሆነ መከልከል ይችላል። ከፈቀደም፣ ሌባው ካውንተር ላይ ሽጉጡን አውጥቶ ፊትሽ ላይ ደቅኖ ከሆነ አንቺ ከልብስሽ ስር እስክታወጪ እሱ ጣቱን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ብሩን ስጪው። ሲጋራውን ስጪው። የሚወጣበትን በር አትዝጊበት። የሽጉጥ ቦታው ብሩን ወስዶም ካልተወሽ፣ ወደ ጓዳ ሊወስድሽ ከፈለገ፣ ወይ ፓርኪንግ ላይ ሊጎትትሽ ከመጣ፣ ነፍስሽ ላይ በደረሰ ጊዜ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለንብረት ብለሽ ሰው መግደል አትችዪም፣ ቢራ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ጀርባ ላይ የተኮሰ ሰው ተከሳሽ ይሆናል። ለማስፈራራት ብሎ አውጥቶ ማሳየትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር እስር ያለው። ሀገር ቤት መሣሪያ ክብር ነው፣ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ይተኮሳል፣ እዚህ ግን መውጣት ያለበት ሌላ አማራጭ ሲያልቅ ብቻ ነው። ፐርሚት ይዘሽም ሐበሻ ሬስቶራንት ተደብቆ ወገብሽ ላይ ሆኖ መግባት ይፈቀዳል፣ ባለቤቱ ካልከለከለ፣ ግን አንድ ቢራ መቅመስ አይፈቀድም፣ ጠጅም እንደዛው። የልጆችሽ ትምህርት ቤት ጋር ስትደርሺ ሽጉጡ ከመኪናው አይወጣም፣ ይሄም ፐርሚት ካለሽ ነው።

ከሽጉጡ በፊት ዛሬውኑ የምታደርጊው አለ፦ ፔፐር ስፕሬይ ግዢ፣ ለራስ መከላከያ ቨርጂኒያ ትፈቅዳለች፣ ዋጋው ከአንድ ፓኬት ሆሎው ፖይንት ያንሳል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልግሽም እሱ ነው። ጠንካራ የእጅ ባትሪ ያዢ። መኪናሽን መብራት ስር፣ አፍንጫዋን ወደ መውጫ አድርገሽ አቁሚ። ባለሱቁ ሱቁ በሁለት ሰው እንዲዘጋ እንዲያደርግ፣ ካሽ በየሰዓቱ በቀዳዳ የሚገባበት፣ ሠራተኛ ሊከፍተው የማይችል ሴፍ እንዲያስገባ፣ ይሄንንም መስታወት ላይ እንዲለጥፍ ጠይቂው። ብሩ እንደሌለ የሚያውቅ ሌባ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ቤት ስትገቢስ። ልጆች አሉሽ ብለሻል፣ ስለዚህ ይሄ ለድርድር አይቀርብም፣ ከወገብሽ በወረደ ደቂቃ በቁልፍ ወይ በኮድ የሚዘጋ፣ ከአልጋ ወይ ከግድግዳ ጋር የታሰረ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ቁም ሳጥን ላይ፣ ከነጠላ ስር፣ ከፍራሽ ስር የሚባለውን ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ቨርጂኒያ ውስጥ የተሞላ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ አደጋ ላይ በሚጥል ቸልተኝነት መተው ከ2020 ጀምሮ ከባዱ ሚስዲሚነር ሆኗል። ሌላም አለ፣ እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለማናወራው ነው የማወራው፦ አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ ራሱን ያጠፋ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የከፋው፣ ብዙ የሚጠጣ፣ መኖር ሰለቸኝ የሚል ሰው ካለ፣ አንቺም ብትሆኚ፣ አሁን ሽጉጥ ቤት አይግባ። ያለም ካለ የታመነ ሰው ጋር ወይ ሽጉጥ ቤት በአደራ ይቀመጥ፣ 988 የሚባለው፣ ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው የሚረዳው የስልክ መስመር ደግሞ ሌትም ቀንም ይሠራል፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂያቸው።

ወንድምሽ። በፍጹም ለእሱ እንዳትገዢ። እሱ ብሩን ሰጥቶሽ አንቺ በስምሽ ከገዛሽ የሌላ ሰው ግዢ ነው፣ ፎርሙ ላይ ገዢዋ እኔ ነኝ ብለሽ ስትፈርሚ ዋሽተሻል፣ በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። በራስሽ ብር ስጦታ ልስጠው ብትይም እሱ የሜሪላንድ ነዋሪ ነው፣ ከቨርጂኒያ አንስተሽ በእጅሽ ልትሰጪው አትችዪም፣ ሜሪላንድ ባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል ነው ማለፍ ያለበት፣ ሜሪላንድ ደግሞ ለመግዛት ብቻ የራሷ ላይሰንስ አላት፣ ለመያዝ ሌላ 16 ሰዓት ሥልጠና። የሚነዳው ዲሲ ውስጥ ነው፣ ዲሲ የሜሪላንድንም የቨርጂኒያንም ፐርሚት አትቀበልም፣ የራሷን 18 ሰዓት ሥልጠናና ምዝገባ ትፈልጋለች። አንቺም ይሄን እወቂ፣ የአንቺ የቨርጂኒያ ፐርሚት ወደ ዲሲ በ14ኛ ስትሪት ድልድይ ስታቋርጪ ዋጋ የለውም፣ ወደ ሜሪላንድ በዊልሰን ድልድይም እንደዛው፣ ወንድምሽ ጋር እሁድ ቡና ልጠጣ ብለሽ ወገብሽ ላይ ይዘሽ ከሄድሽ ወንጀል ነው። ይሄን ሁሉ ቢያሟላ እንኳን ኡበርም ሊፍትም ሾፌሮቻቸው ሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ፣ ከተደረሰበት አካውንቱ ይዘጋል። ለእሱ ዳሽ ካሜራ ግዢለት፣ እሱን ከዲሲም ከሜሪላንድም መግዛት ይቻላል፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ያገለገለ ሽጉጥ ከታወቀ ሱቅ ከሆነ ደህና ነው፣ ግሎክ ወይ ሺልድ ጥቂት መቶ ጥይት ተኩሶ አያረጅም፣ መቶ ዶላር አካባቢ ሊያተርፍልሽ ይችላል። ያገለገለ ኢዜድ ካገኘሽ ግን በ2020 ከማርች እስከ ኦክቶበር ከተሠሩት የተወሰኑት ሃመር የሚባለው መምቻቸው ችግር ስለነበረበት ኩባንያው ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋል፣ ሪኮል የሚሉት፣ ከመክፈልሽ በፊት ሲሪያል ቁጥሩን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ አረጋግጪ። ከግለሰብ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ፓርኪንግ ውስጥ አግኝቼሽ ልሽጥልሽ ከሚል ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ቨርጂኒያ የግለሰብ ሽያጭም ባክግራውንድ ቼክ እንዲኖረው የሚል ሕግ በ2020 አውጥታለች፣ ሕጉ ፍርድ ቤት ክርክር ውስጥ ቢገባም አንቺ ግን አትዝለይው፣ ሁለታችሁም ሽጉጥ ቤት ሄዳችሁ ነጋዴው ፊት ይደረግ፣ ሻጩ አልሄድም ካለ ተይው።